ግማሹ ግራጫ የሆነው ፎቶ፦ ከካሜራ ሲገለበጥ የተበላሸ ምስል እንዴት ይመለሳል?

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የላይኛው ግማሽ ደህና ነው። ሰማዩ አለ፣ የሰዎቹ ፀጉርና ግንባር አለ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አንድ ወጥ ግራጫ ነው። ወይም ከመሃል ጀምሮ ቀለሙ ሮዝ ሆኗል፤ ፊቱ ከአንገቱ ተነጥሎ ወደ ጎን ሸሽቷል። ወይም ፋይሉ ጭራሽ አልከፈትም ይላል። ካሜራው ላይ ግን ትናንት በደንብ ይታይ ነበር።

እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ሜሞሪውን መልሶ ካሜራው ውስጥ ይከታል። «እስቲ አሁንስ ይሠራል?» ብሎ ሁለት ሦስት ፎቶ ያነሳል። ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ለጊዜው አንድ ነገር ያዙልኝ። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ቅጂ ነው። ዋናው አሁንም ሜሞሪው ላይ በሰላም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ሜሞሪው ላይ ምንም ነገር አይጻፍበት።

የኤስዲ ሜሞሪ በግራ ጎኑ ትንሽ መቆለፊያ አለችው። ወደ ታች ሳቧት። ማይክሮ ኤስዲ ራሱ መቆለፊያ የለውም፤ የሚገባበት አዳፕተር ግን አለው፣ በእሱ አስገቡት። ኮምፒውተሩ «ሜሞሪው ችግር አለበት፣ ላስተካክለው?» ወይም «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ እምቢ በሉት። ማስተካከል ሲል ሜሞሪው ላይ መጻፉ ነው። ያንን የሚያደርገው ደግሞ የፋይሉ ዝርዝር እንዲስተካከልለት ብሎ ነው፤ የእናንተ ፎቶ አይገደውም።

ከዚያ እንደገና ገልብጡ። በሌላ ካርድ ሪደር፣ በሌላ ኬብል፣ ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ባለ ሌላ ቀዳዳ፣ ወደ አዲስ ፎልደር። ሁለት ጊዜ ገልብጡና ሁለቱን አስተያዩ። በመጀመሪያው የተበላሸው 14ኛው ፎቶ፣ በሁለተኛው ደግሞ 31ኛው ከሆነ፣ ሜሞሪው ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ ምናልባት መንገዱ ላይ ነው፤ ሪደሩ፣ ኬብሉ ወይም የኮምፒውተሩ ራም (የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያቆይበት ቦታ)። ሁልጊዜ ያው 14ኛው ፎቶ ያው ቦታ ላይ የሚበላሽ ከሆነ ግን ችግሩ ሜሞሪው ውስጥ ነው። ይህች ትንሽ ሙከራ ብዙ ቀን ከመድከም ታድናለች። ብዙዎች ሶፍትዌር ፍለጋ ከመሮጣቸው በፊት ሪደሩን ቢቀይሩ ኖሮ እዚያው ያልቅላቸው ነበር።

የኔው ታሪክ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የእህቴ ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ማታ ቤት ገብቼ ሜሞሪውን ዴስክቶፕ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁ። ፎቶዎቹን በሙሉ «ከት» አድርጌ ሀርድ ዲስኩ ላይ «ፔስት» አልኩ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። መብራቱ መጥቶ ስከፍተው የፎቶዎቹ ስም ፎልደሩ ውስጥ አለ። መጠናቸውም ልክ ነው፤ 7 ሜጋባይት፣ 8 ሜጋባይት። ሲከፈቱ ግን ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። ሜሞሪውን ሳየው እዚያም የሉም።

የሆነው ይሄ ነው። ኮምፒውተር ፋይል ስትሰጡት ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፈውም። ፍጥነት ለማግኘት መጀመሪያ ራም ላይ ያቆየዋል፣ ቀስ ብሎ ወደ ዲስኩ ያወርደዋል። እናንተ ስክሪን ላይ «አለቀ» ሲል የምታዩት ገና ራም ላይ ያለ ሊሆን ይችላል። መብራት ሲሄድ ራም ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ዊንዶውስ የፋይሉን ስምና መጠን የሚያሰፍርበትን መዝገብ ከእንዲህ ዓይነት አደጋ ይጠብቀዋል። ይዘቱን ግን በዚያ ልክ አይጠብቅም። ስለዚህ መዝገቡ «8 ሜጋባይት ፎቶ አለ» ይላል፣ ውስጡ ግን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ነው። «ከት» ደግሞ አንዱን ፎቶ አድርሻለሁ ባለ ቁጥር ከሜሞሪው ላይ እየሰረዘ ነው የሚሄደው። ከሁለት ያጣ ያደረገኝ ይህ ነው። ላፕቶፕ ቢሆን ባትሪው ያድነኝ ነበር። «ኮፒ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ፎቶዎቹን እንዴት እንደፈለግኋቸው ከመናገሬ በፊት ግን ፎቶ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። የጉዳቱን መልክ ማንበብ የሚቻለው ይህን ሲያውቁ ነው።

ካሜራችን የሚሰጠን ጄፔግ የሚባለው ፋይል ሕጉ የወጣው በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሥራው መጭመቅ ነው። የ24 ሜጋፒክሰል ፎቶ ሳይጨመቅ 72 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ጄፔግ ወደ 10 ሜጋባይት አካባቢ ያወርደዋል። ይህን የሚያደርገው ፎቶውን 8 በ8 ፒክሰል የሆኑ ትንንሽ ካሬዎች አድርጎ በመቆራረጥ ነው። ያ ፎቶ 6000 በ4000 ፒክሰል ከሆነ 375,000 ካሬ ይወጣዋል። ካሬዎቹ ከላይ ከግራ ጀምረው፣ ልክ እንደምናነበው፣ መስመር በመስመር ወደ ታች ይጻፋሉ።

ሁለት ነገር ደግሞ ይጨምራል። አንደኛ፣ በካሬዎቹ መካከል ክፍተት የለም። «አበበ በሶ በላ» የሚለውን ያለ ክፍተት «አበበበሶበላ» ብላችሁ ጻፉት። የሚያውቅ ሰው ያነበዋል። አሁን አንዷን «በ» አጥፉ፤ «አበበሶበላ»። አንባቢው «አበበ» ብሎ ይቆርጥና የቀረው «ሶበላ» ይሆንበታል። የጠፋው አንድ ፊደል ነው፣ የተበላሸው ግን ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ነው። ፎቶው ከአንድ ቦታ ጀምሮ ወደ ጎን የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ካሬ አማካይ ብርሃንና ቀለም በሙሉ አይጻፍም። ከፊተኛው ካሬ ስንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ብቻ ነው የሚጻፈው። የዕቁብ ጸሐፊ ጠቅላላውን ትቶ «ዛሬ ከትናንት በ200 ብር ይበልጣል» እያለ ብቻ ቢመዘግብ እንደማለት ነው። አንድ ቀን ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ስህተቱን ይዞ ይሄዳል። ፎቶው ከመሃል ጀምሮ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ሆኖ እስከ ታች የሚዘልቀው ለዚህ ነው።

ይህን ካወቃችሁ ጉዳቱ ራሱ ይናገራል። ቀለሙ ተቀይሮ ወይም ምስሉ ተንሸራቶ ግን ሰዎቹ የሚለዩ ከሆነ፣ ይዘቱ አለ፤ የጠፋው ጥቂት ነው። ይህ ሊጠገን ይችላል። ከአንድ መስመር በታች ወጥ ግራጫ ከሆነ ፋይሉ እዚያ ላይ ተቋርጧል። ግራጫው የፎቶው አካል አይደለም፤ የሚከፍተው ፕሮግራም ያልደረሰውን የሚሞላበት ቀለም ነው። ያን ግራጫ ከዚያው ፋይል መመለስ አይቻልም፣ ምክንያቱም እዚያ የለም። የቀረውን መፈለግ ያለብን ሜሞሪው ላይ ነው። በነገራችን ላይ ካሜራውን አቁማችሁ ያነሳችሁት ከሆነ ግራጫው ከታች ሳይሆን ከጎን ይመጣል። ካሜራው ፎቶውን የሚጽፈው ሁልጊዜ በአግድም ነው፤ «አዙረህ አሳይ» የሚል ምልክት ብቻ ይጨምርበታል።

ፋይሉ ጭራሽ የማይከፈት ከሆነስ? ውስጡ ነገር መኖሩን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ዚፕ አድርጉት። ጄፔግ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ዚፕ ብዙም አይቀንሰውም። 8 ሜጋባይቱ 8 ሜጋባይት አካባቢ ሆኖ ከቀረ ውስጡ ይዘት አለ፤ ምናልባት የተጎዳው ራስጌው፣ ማለትም ስለ ፎቶው መረጃ የያዘው የፋይሉ መጀመሪያ፣ ብቻ ነው። 8 ሜጋባይቱ ወደ ጥቂት ኪሎባይት ከወረደ ግን ውስጡ ዜሮ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል የትኛውም የጥገና ሶፍትዌር አያድነውም። እንጠግናለን ብለው ክፍያ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የኔዎቹ ዚፕ ሲሆኑ ጠብ የሚል ነገር አልቀረም። ስለዚህ ፊቴን ወደ ሜሞሪው አዞርኩ።

ሜሞሪ ላይ ፎቶ ሲሰረዝ ምን ይሆናል? ሜሞሪው እንደ ደብተር ነው፤ መጀመሪያው ላይ ማውጫ አለው። ከ2 ጊጋባይት በላይ እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ፋት32 በሚባል፣ ከዚያ በላይ ያሉት ኤክስፋት በሚባል አሠራር ማውጫቸውን ይይዛሉ። ፎቶ ሲሰረዝ ገጹ አይቀደድም። ማውጫው ላይ «ይህ ቦታ ተለቋል» የሚል ምልክት ብቻ ይደረጋል። በፋት32 ምልክቱ የሚቀመጠው በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ነው፤ የተመለሱ ፎቶዎች አንዳንዴ የመጀመሪያ ፊደላቸው ጎድሎ የሚመጡት ለዚህ ነው። ካሜራው ውስጥ «ፎርማት» ስትሉም ብዙ ጊዜ የሚታደሰው ማውጫው ነው። ገጾቹ ላይ ያለው እንዳለ ይቆያል፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ። አሁን ሁለት ሦስት የሙከራ ፎቶ ማንሳት ለምን ከሁሉም የከፋ እንደሆነ ገብቷችኋል። አዲሱ ፎቶ የሚያርፈው «ተለቋል» በተባለው ቦታ ላይ ነው። የተጻፈበት አይመለስም።

ለዚህ ሥራ ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ክሪስቶፍ ግረኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ የሠራው። መልኩ አያምርም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው። አሠራሩ ግን ብልህ ነው። ማውጫውን አያይም። ከደብተሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገጽ በገጽ እያገላበጠ የፎቶ መጀመሪያ የሚመስል ነገር ይፈልጋል። እያንዳንዱ ጄፔግ በተወሰኑ ባይቶች ይጀምራል፣ በተወሰኑ ባይቶች ይዘጋል። ያንን ሲያገኝ እስከ መጨረሻው ገልብጦ ያወጣዋል። ስሙን ስለማያውቅ በቁጥር ይሰይመዋል። የተነሳበት ቀንና ሰዓት ግን ፎቶው ውስጥ ስላለ አብሮ ይመጣል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የሚያወጣውን ፎቶ ያው ሜሞሪ ላይ እንዲያስቀምጥ አታድርጉ፤ ለማዳን ብላችሁ ልትጽፉበት ነው። ሁለተኛ፣ ሜሞሪው ራሱ የደከመ ከመሰላችሁ፣ ማለትም ሲነበብ የሚቆም፣ የሚጠፋና የሚመጣ ከሆነ፣ ፍለጋውን በቀጥታ እሱ ላይ አታካሂዱ። መጀመሪያ መላውን ሜሞሪ አንድ ትልቅ ፋይል አድርጋችሁ ገልብጡት። ዲዲሬስኪዩ የሚባለው የሊኑክስ ነጻ መሣሪያ ለዚህ የተሠራ ነው። የሚነበበውን ቀድሞ ያወጣል፣ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ያቆያል፣ የት እንደደረሰም ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን የምትሞክሩት በግልባጩ ላይ ነው። ሙከራችሁ ቢበላሽ ዋናው አልተነካም።

ሜሞሪው ፈጽሞ የማይታይ ከሆነ፣ ወይም ሲገባ የሚግል ከሆነ፣ እዚያ ላይ ቁሙ። ያ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም። ቺፑን በቀጥታ የሚያነቡ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራው ውድ ነው፣ ማይክሮ ኤስዲ ላይ ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሐሰተኛ ሜሞሪ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ተጽፎበት ውስጡ 8 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ሜሞሪ በዓለም ገበያ ሁሉ ይሸጣል። ኮምፒውተሩም 128 ብሎ እንዲያነበው ተደርጎ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች በደንብ ይቀመጣሉ። 8ቱ ሲሞላ ግን ቀጣዮቹ የሚገቡበት ቦታ የለም። ስማቸው ይመዘገባል፣ ይዘታቸው የትም አይደርስም፣ ወይም የቀደሙትን ይደመስሳል። ሰውየው ሲገለብጥ የመጀመሪያዎቹ ጥሩ፣ ከአንድ ቁጥር በኋላ ያሉት ሁሉ የተበላሹ ሆነው ያገኛቸዋል። «ኬብሉ ነው»፣ «ቫይረስ ነው» ይላል። አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልተቀመጡም። ስለዚህ አዲስ ሜሞሪ ስትገዙ ሰርግ ከመውሰዳችሁ በፊት ሞክሩት። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ኤፍ3 የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ሜሞሪውን እስከ አፉ ይሞሉትና መልሰው እያነበቡ እውነተኛ መጠኑን ይነግሯችኋል። ትልቅ ሜሞሪ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል። ይፍጅ።

ከሜሞሪው ምንም ካልተገኘም ሌላ የሚፈለግባቸው ቦታዎች አሉ። ካሜራዎች እያንዳንዱ ጄፔግ ውስጥ፣ ራስጌው አጠገብ፣ የፎቶውን ትንሽ ቅጂ ያስቀምጣሉ። መጠኗ ብዙውን ጊዜ 160 በ120 ፒክሰል ናት፤ የፓስፖርት ፎቶ ታክላለች። ዋናው ግማሹ ግራጫ ሆኖ ትንሿ ሙሉ ሆና የምትገኝበት ጊዜ አለ። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ጥሬውን በሚያስቀምጥበት ፋይል፣ ያነሳችሁ ከሆነ ደግሞ ዕድላችሁ ሰፊ ነው። የሮው ፋይል ሆድ ውስጥ ትልቅ ጄፔግ አብሮ አለ፤ በብዙ ካሜራዎች መጠኑ ከዋናው ጋር እኩል ነው። ፎቶሬክም አንዳንዴ ለብቻው ያወጣዋል። ፎቶውን ከመገልበጣችሁ በፊት ከካሜራው በዋይፋይ ወደ ስልክ ልካችሁት እንደሆነ አስታውሱ። በቴሌግራም ለዘመድ የላካችሁት ካለም እዚያ አለ። ተጨምቋል፣ ረጅሙ ጎኑ ብዙ ጊዜ 1280 ፒክሰል ነው፤ ለማሳተም ግን ከምንም ይሻላል።

እኔ ከሜሞሪው ላይ አብዛኛዎቹን በፎቶሬክ አገኘኋቸው። ካህኑ፣ ክርስትና እናቷ፣ ቤተክርስቲያኑ ደጃፍ የቆመው ቤተዘመድ፣ ሁሉም መጡ። አንድ ፎቶ ግን ጎደለ። አያታችን ልጅቷን ታቅፈው የተነሱት ነው። እኔ በድንጋጤ ሜሞሪውን ካሜራው ውስጥ መልሼ ያነሳሁት የሙከራ ፎቶ በእሱ ላይ አርፎበት ነበር። አያታችን ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ስለዚህ ዝም ብዬ ልተወው አልቻልኩም።

የሙከራው ፎቶ የእሳቸውን ፎቶ ሙሉ በሙሉ አልሸፈነውም። ፎቶ ሜሞሪ ላይ ብዙውን ጊዜ በተከታታይ ገጾች ላይ ነው የሚያርፈው። አዲሱ ሲያልቅ ከሱ ቀጥሎ የአሮጌው ጭራ ይቀጥላል። ፎቶሬክ ይህን አያገኘውም፤ እሱ የሚፈልገው ራስ ነው፣ ይህ ደግሞ ራስ የሌለው ነው። ስለዚህ የሜሞሪውን ግልባጭ፣ የፋይልን ባይቶች አንድ በአንድ በሚያሳይ ሄክስ ኤዲተር በሚባል ፕሮግራም ከፍቼ፣ የሙከራው ፎቶ የሚዘጋበትን ምልክት ፈልጌ፣ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው መዝጊያ ያለውን ቆርጬ አወጣሁ።

ራስ የሌለውን ፎቶ የሚከፍት ፕሮግራም የለም። የፎቶው ስፋት፣ ቁመት፣ የተጨመቀበት ቀመር ሁሉ ያለው ራሱ ላይ ነው። ግን ራስ መዋስ ይቻላል። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው መጠንና ጥራት፣ ከተቻለ እዚያው ደቂቃ የተነሳ ጤነኛ ፎቶ ትወስዳላችሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ምስሉ እስከሚጀምርበት ድረስ ያለውን ትቆርጣላችሁ። በጭራው ፊት ትቀጥሉታላችሁ። አንዳንድ የጥገና ሶፍትዌሮች «ጤነኛ ናሙና ፎቶ ስጠኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። ናሙናው ከሌላ ካሜራ ከሆነ፣ ወይም የጥራት ምርጫው ከተለየ፣ የሚወጣው ዝብርቅርቅ ያለ ቀለም ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ሲከፈት ጥቂት ካሬዎች ተመሰቃቅለው ነበር፤ ከዚያ ምስሉ ራሱን ያዘ። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፣ ምስሉ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ጎን ተንሸራቷል። ይህ ከላይ ያልነው ነው፤ የመነሻው ቁጥር ስለጠፋ ሂሳቡ ከተሳሳተ ቦታ ጀመረ። ባዶ ካሬ እየጨመርኩ ወደ ቦታው መለስኩት፣ ቀለሙን ከአጎራባቹ ፎቶ ጋር እያስተያየሁ አቀናሁት። ብዙ ማታ ወሰደ።

ጓደኞቼ የጎደለውን የላይኛውን ግማሽ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሙላው አሉኝ። አልፈለግሁም። እሱ የሚሠራው አንዲት አሮጊት ሴት ነው፤ አያታችንን አያውቃቸውም። ሌላ ፎቶ ላይ ያለ ፊታቸውን ቆርጦ መለጠፍም ይቻል ነበር፣ እሱንም ተውኩት።

ፊታቸው አልተመለሰም። ከደረታቸው በታች ያለው ግን ሁሉም አለ፤ የነጠላቸው ጥለት፣ ልጅቷን ያቀፉበት ሁለት እጃቸው፣ አዲሱ ማተቧ። እህቴ በትልቁ አሳትማ ሳሎን ሰቅላዋለች።